ቀድሞ የሞላው ሴል ሁልጊዜ ጥፋተኛ አይደለም

ጥያቄ፦ «ጋሼ ሰላም ነው? መብራት ሲጠፋ ለሱቄ የሚሆን ባትሪ ራሴ ገጣጠምኩ። አራት የላይፍፖ (የሊቲየም አይረን ፎስፌት) ሴል ነው፤ እያንዳንዱ 280 አምፔር ሰዓት፣ በተከታታይ የታሰረ። ብሉቱዝ ያለው 100 አምፔር ቢኤምኤስ (ሴሎቹን የሚጠብቀውን ሰሌዳ) አስገብቼለታለሁ። ችግሩ ቻርጅ ሲያደርግ ሦስተኛው ሴል ብቻውን ሽቅብ ወጥቶ 3.65 ቮልት ይደርስና ቢኤምኤሱ ይቆርጣል። የቀሩት ሦስቱ ያኔ 3.37 አካባቢ ናቸው። ኢንቨርተሩ (ባትሪውን የሚሞላውም እሱ ነው) ይጮሃል፣ ይጠፋል፣ መልሶ ይበራል። የሚገርመው ቀን ቀን ሳየው አራቱም 3.29 ላይ እኩል ናቸው። ሴሎቹን የሸጠልኝ ልጅ ‹ሦስተኛው ተበላሽቷል፣ ቀይረው› ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ አክቲቭ ባላንሰር (ሴሎቹን የሚያስተካክል ዕቃ) ግዛ ይለኛል። የማንን ልስማ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ለጊዜው የሁለቱንም አትስማ። ሴልም አትቀይር፣ ባላንሰርም አትግዛ። ከላክልኝ ቁጥሮች እንደማየው ሦስተኛው ሴል ምንም ላይሆን ይችላል። እንደውም ከአራቱ ጠንካራው እሱ ሊሆን ይችላል። ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳህ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ሻይህን ይዘህ ተቀመጥ።

መጀመሪያ ቁጥሮችህን እንደምራቸው። ቢኤምኤሱ ሲቆርጥ አንዱ 3.65፣ ሦስቱ 3.37 ናቸው ብለሃል። ድምሩ 13.76 ቮልት ነው። ኢንቨርተርህ ገበያ ላይ እንዳሉት ብዙዎቹ ለአሲድ ባትሪ ታስቦ የተሠራ ከሆነ 14.4 ቮልት እስኪደርስ መግፋቱን አያቆምም። 14.4 ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 3.6 ይደርሰዋል። አራቱም እኩል ቢሆኑ ኖሮ በዚህ ምንም አይሆኑም ነበር። አሁን ግን ቻርጀሩ 14.4ን እየጠበቀ ባትሪው 13.76 ላይ ይቆረጥበታል። ድንገት ሲቆረጥ ከረንቱ የሚሄድበት ያጣና ቮልቴጁ ወደ ላይ ይዘላል። ኢንቨርተሩ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ሶላር ያላችሁ አንባቢዎችም ይቺን ልብ በሉ፤ ፓነሉ እየሠራ ባትሪው ድንገት ሲለይ ያ ዝላይ ኮንትሮለሩን ሊያቃጥል ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሴሎች በተከታታይ ሲታሰሩ በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው። ቻርጀሩ 20 አምፔር ከሰጠ እያንዳንዱ 20 አምፔር ይቀበላል። አንዱ ጠግቤአለሁ ብሎ ለጎረቤቱ ማሳለፍ አይችልም። ስለዚህ በገጣጠምክበት ቀን ሦስተኛው ሴል ከሌሎቹ በ14 አምፔር ሰዓት በልጦ ከነበረ፣ ዛሬም በ14 ይበልጣል፤ ለከርሞም ይበልጣል። 14 አምፔር ሰዓት ከ280 ላይ 5 በመቶ ነው። ሲያዩት ትንሽ ነው። ግን ጣሪያውን ቀድሞ የሚነካው ሁሌም እሱ ይሆናል፤ ሌሎቹም ሁሌ 5 በመቶ ሳይሞላላቸው ይቆረጥባቸዋል።

ይሄ ልዩነት ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነገር ነው። ሴሎች ከፋብሪካ የሚወጡት በከፊል ተሞልተው ነው። መርከብ ላይ፣ መጋዘን ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ ወራት ያሳልፋሉ። አንተ ጋ የደረሱት አራቱ ከአንድ ካርቶን ላይወጡ ይችላሉ። አንዱን ሻጩ «ይኸው ይሠራል» ብሎ በአምፖል አሳይቶበት ይሆናል፤ ሌላውን ሞልቶት ይሆናል። ሳታስተካክል ከገጣጠምካቸው ያንን ልዩነት እንዳለ ይዘውት ገቡ ማለት ነው። ልጁ ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ቀድሞ የሚቆርጠውን ሴል ማየትና «ይሄ ነው ጥፋተኛው» ማለት ቀላል ነው። ግን ቀድሞ የሞላው ሴል የያዘውን ያልለቀቀ ሴል ሊሆን ይችላል። ቻርጃቸውን በራሳቸው የሚያፈሱት የቀሩት ከሆኑስ?

«ቀን ቀን አራቱም እኩል ናቸው» ያልከው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። የላይፍፖ ባትሪ ቮልቴጅ እንደ ሰፊ ሜዳ ነው። ከጫፎቹ በቀር ዳገትም ቁልቁለትም የለውም። ከ40 እስከ 60 በመቶ ባለው ሙሌት መካከል ቮልቴጁ የሚንቀሳቀሰው በጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ቴስተርህን አስብ። ርካሽ ቴስተር 0.5 በመቶ ያህል ቢዛነፍ አይገርምም። የ3.3 ቮልት 0.5 በመቶ 16 ሚሊቮልት ነው። የመሣሪያህ ስህተት ከምትፈልገው ልዩነት በልጦ አረፈው! ስለዚህ 3.29 ላይ እኩል ናቸው ማለት በሙሌት እኩል ናቸው ማለት አይደለም። አንዱ 45፣ ሌላው 60 በመቶ ላይ ሆነው አንድ ቁጥር ሊያሳዩህ ይችላሉ።

እውነቱ የሚወጣው ጫፍ ላይ ነው። እየተሞላ ከ3.40 ቮልት በላይ ሲሄድ ዳገቱ ይጀምራል። የመጨረሻዋ ጥቂት በመቶ ሴሉን ከ3.40 ወደ 3.65 በደቂቃዎች ታስፈነጥረዋለች። ከታችም እንደዚሁ ነው፤ ከ3.0 ቮልት በታች ሲወርድ ገደል ነው። ባላንስ (የሴሎቹ ሙሌት እኩል መሆን) የሚታየው እዚያ፣ ባላንስ የሚሠራውም እዚያ ነው። መሃል ሜዳ ላይ ቆሞ ሴሎችን ለማስተካከል የሚሞክር ሰው በጨለማ መርፌ እየፈለገ ነው።

ይሁን እንጂ ስለ ባላንስ ከማውራታችን በፊት ቡሎኖችህን እንይ። የባላንስ ችግር ተብለው ከሚመጡልኝ ባትሪዎች ውስጥ ቀላል የማይባለው የላላ ቡሎን ነው። 1 ሚሊኦም ብቻ ሬዚስታንስ (ከረንትን የመግታት ኃይል) ያለው መጥፎ ግንኙነት 50 አምፔር ሲያልፍበት 50 ሚሊቮልት ይበላል። የቢኤምኤሱ ቀጭን ሽቦ እዚያው ቡሎን ስር ከታሰረ ያንን 50 ሚሊቮልት የሴሉ አድርጎ ያነባል። ሙከራው ቀላል ነው። ስልክህ ላይ የአራቱን ሴል ቮልቴጅ ክፈት። ምንም ሳይጫን ጻፈው። ከዚያ እንደ ውሃ ማፍያ ያለ ከባድ ነገር፣ ኢንቨርተርህ የሚችለውን ያህል፣ ሰክተህ ጻፈው። ከዚያ ደግሞ እየተሞላ ጻፈው። አንዱ ሴል ሲጫን ከሌሎቹ ዝቅ፣ ሲሞላ ከሌሎቹ ከፍ፣ ከረንት ሲቆም ደግሞ እኩል ከሆነ ችግሩ ግንኙነት ነው። ወይም ሴሉ ውስጡ ያለው ሬዚስታንስ አድጓል። ሁለቱን ለመለየት የቴስተሩን ጫፍ በቀጥታ የሴሉ ተርሚናል ላይ፣ አሉሚኒየሙ ላይ፣ አሳርፈህ ለካ። ቡሎኑ ላይ ወይም ማገናኛ መዳቡ ላይ አይደለም። እዚያ ቁጥሩ ከተስተካከለ ሴሉ ንጹሕ ነው።

መፍትሔውም ብዙ ወጪ የለውም። ማገናኛውን ፍታ፣ ተርሚናሉንና መዳቡን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገህ ፈትግ፣ በአልኮል ጥረግ፣ ሳትዘገይ መልሰህ እሰር። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ስስ ዝገት ያወጣል፤ ዝገቱ ደግሞ ከረንት አያሳልፍም። ስታጠብቅ ጉልበት አታብዛ። የሴሉ ጥርስ ለስላሳ አሉሚኒየም ነው፤ አንዴ ከተበላ ሴሉ ለምንም አይሆንህም። ቁልፍህንም ከጫፉ በቀር በኤሌክትሪክ ቴፕ ጠቅልለው። ቀለበትና ሰዓት አውልቅ። የዚህ መጠን ሴል ሁለቱ ተርሚናሎች በብረት ቢገናኙ በሺዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል፤ ቁልፉ እጅህ ላይ እያለ ይቀልጣል። ፖዘቲቩ ላይ፣ ከባትሪው ሳይርቅ፣ ፊውዝ ከሌለህም ዛሬውኑ አስገባ። ሳይቃጠል በቅጠል።

አንተ የጻፍክልኝ ችግር ግን የቡሎን ብቻ አይመስለኝም። በ3.65 እና በ3.37 መካከል 280 ሚሊቮልት አለ። በ20 አምፔር ያን ያህል የሚበላ ግንኙነት ቢኖር 14 ሚሊኦም ይሆን ነበር፤ ቦታውም እጅ የማያስነካ ትኩሳት ይኖረው ነበር። ስለዚህ ወደ ማስተካከሉ እንሂድ።

ዛሬ ማታ የምታደርገው አንድ ነገር አለ። የኢንቨርተሩን የቻርጅ ቮልቴጅ አውርድ። 13.8 ወይም 14.0 ላይ አድርገው፤ ለየሴሉ 3.45 እና 3.50 ማለት ነው። ላይፍፖ በዚህ ቮልቴጅ ትንሽ ጊዜ ከተሰጠው ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። 3.65 ጣሪያው ነው፤ በየቀኑ መድረሻው መሆን የለበትም። ኢንቨርተርህ «ኢኳላይዝ» የሚባል ነገር ካለው ዝጋው። እሱ ለአሲድ ባትሪ ተብሎ ከ15 ቮልት በላይ የሚገፋ ነው፤ ለሊቲየም ጠላት ነው። ማውረዱ ብቻ ግን መቆረጡን ላያስቀርልህ ይችላል፤ አንተ ጋ የሚቆርጠው 13.76 ላይ ነውና። የቻርጅ ከረንቱንም ወደ 10 አምፔር ዝቅ ካደረግከው ሴሉ ረጋ ብሎ ይወጣል፤ ለሚቀጥለው ሥራ ጊዜ ይሰጥሃል።

አሁን ሁለት መንገድ አለህ። የመጀመሪያው ባትሪውን ሳትፈታ ከሦስተኛው ሴል ትርፉን ማውጣት ነው። የመኪና የፊት መብራት አምፖል፣ 12 ቮልት 55 ዋት የሆነውን፣ ፈልግ። ይሄ አምፖል በ3.4 ቮልት ቀላ ያለ ደካማ ብርሃን እየሰጠ 2 አምፔር ትንሽ አለፍ ያለ ይስባል። ባትሪውን ቀስ ብለህ ሙላ። ሦስተኛው ሴል 3.55 ሲደርስ ቻርጀሩን አቁም፣ አምፖሉን በሦስተኛው ሴል ተርሚናሎች ላይ ብቻ እሰርና ሁለት ሰዓት ተወው። ከ4 እስከ 5 አምፔር ሰዓት አወጣህ ማለት ነው። ከዚያ እንደገና ሙላ። ሌሎቹ ሦስቱ ካለፈው ከፍ ብለው ከተገኙ መንገዱ ትክክል ነው፤ ድገመው። አራቱም አብረው 3.45ን ሲያልፉ በቃህ። ቁጥሩ የ14 አምፔር ሰዓት ከሆነ ሦስት ዙር አካባቢ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አምፖሉ በቀጥታ ሴሉ ላይ ስለታሰረ ቢኤምኤሱ ሊያቆመው አይችልም። ረስተኸው ለሳምንት ብትሄድ ሴሉን አድርቆ ይገድለዋል። የስልክህን ማንቂያ ሙላ። አምፖሉም ይግላል፤ ፕላስቲክ ላይ አታስተኛው።

ሁለተኛው መንገድ ፈትቶ አራቱንም ጎን ለጎን፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ አገናኝቶ አንድ ላይ መሙላት ነው። ንጹሑ መንገድ ይሄ ነው፤ አዲስ ለሚገጣጥም ሰው የምመክረውም ይሄንን ነው። ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አራቱ ሲገናኙ 1,120 አምፔር ሰዓት ይሆናሉ። ከግማሽ ጀምረህ በ10 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ብትሞላ 560 አምፔር ሰዓት ለመጨመር 56 ሰዓት ይፈጃል። ሰው ይሰለቻል። ሲሰለች «ላፍጥነው» ብሎ ቮልቴጁን ወደ 4 እና 5 ያዞረዋል፣ ከዚያ ይተኛል። ጠዋት አራት ያበጠ ሴል ያገኛል።

እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ በተከታታይ እንዳሉ፣ ቢኤምኤሱ እየጠበቃቸው፣ እስኪቆርጥ ሙላቸው። ያኔ ሥራው አልቆ የቀረው ጫፉ ብቻ ነው። ከዚያ ለጥቂት ሰዓት አሳርፋቸውና ፈትተህ ጎን ለጎን አገናኛቸው። ቮልቴጃቸው ሳይቀራረብ አታገናኝ። የእነዚህ ሴሎች የውስጥ ሬዚስታንስ በጣም ትንሽ ነው። ሴልና ማገናኛ ተደምሮ 0.5 ሚሊኦም ቢሆን 0.05 ቮልት ልዩነት ብቻ ለአፍታ 100 አምፔር ያስኬዳል። ፓወር ሰፕላዩን ምንም ሳይገናኝ 3.60 ላይ አስተካክለው፣ በቴስተር አረጋግጠው፣ ከዚያ ነው ገመዱ የሚታሰረው። ከታሰረ በኋላ የቮልቴጅ ቁልፉን አትንካው። የሚያሳየው ቁጥር ዝቅ ብሎ 3.38 ምናምን ቢልህ አትደንግጥ፤ ሴሎቹ ይዘውት ነው፣ ሲሞሉ ይወጣል። ከረንቱ ከ10 ወርዶ ወርዶ 1 አምፔር ገደማ ሲደርስ አልቋል። ንቀል። ለቀናት እንደዚያ ታስሮ መቆየቱ ጥቅም የለውም።

መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ፣ እኛ ሀገር መጥፋቱም አይቀርም፣ ሄደህ ገመዱን ንቀለው። አንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ ሲጠፋ ከባትሪው ወደ ራሱ ይስባል። አንዳንዱ ደግሞ መብራት ሲመለስ አንተ የሰጠኸውን ቁጥር ረስቶ በራሱ ቁጥር ይነሳል። እንደገና ለክተህ ነው የምታስረው።

ከዚህ በኋላ ቢኤምኤሱ ምን ይሠራል? ያስተካከልከውን ይጠብቃል፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ አትጠብቅበት። አብዛኞቹ ቢኤምኤሶች የሞላውን ሴል በትንሽ ሬዚስተር እያሞቁ ነው የሚያወርዱት። አቅማቸውም ከ30 እስከ 100 ሚሊአምፔር ነው። የአንተን 14 አምፔር ሰዓት በ50 ሚሊአምፔር ለማውጣት 280 ሰዓት ያስፈልጋል። ቢኤምኤሱ ይሄን የሚያደርገው ሴሎቹ ጫፍ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ጫፍ ላይ ቢቆዩ 280 ቀን፣ ዘጠኝ ወር መሆኑ ነው። «ተወው፣ ቢኤምኤሱ ራሱ ያስተካክለዋል» የሚሉህ ሰዎች ይሄን ስላላሰሉት ነው። በየወሩ የምትፈጠረውን ጥቂት ልዩነት ለማጽዳት ግን 50 ሚሊአምፔር በቂ ነው።

ስልክህ ላይ ካለው መተግበሪያ ሁለት ቦታ ፈትሽ። ባላንስ የሚጀምርበት ቮልቴጅ 3.40 ወይም 3.45 ይሁን። የሚጀምርበት ልዩነት ደግሞ 10 ሚሊቮልት። ገና ከሳጥን የወጣ ቢኤምኤስ አንዳንዴ 3.0 ላይ ተስተካክሎ ይመጣል። ያ ማለት ሜዳው ላይ ቀኑን ሙሉ ያለ ምክንያት ይቆፍራል።

ጓደኛህ ስለመከረህ አክቲቭ ባላንሰርም ነገሩ ይኸው ነው። አክቲቭ ባላንሰር ከከፍተኛው ሴል ወስዶ ለዝቅተኛው የሚሰጥ ነው። 1፣ 2፣ 5 አምፔር የሚሉ አሉ። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ትልቅ ባትሪ ላለው ሰው እኔም አልቃወምም። ግን የሚያየው ቮልቴጅን ብቻ ነው። ርካሹ ዓይነት ከታሰረበት ደቂቃ ጀምሮ ሌት ተቀን ይሠራል። ባትሪው መሃል ላይ ሆኖ ኢንቨርተሩ ሲስብ የአንዱ ሴል ቮልቴጅ በውስጥ ሬዚስታንስ ምክንያት ብቻ ዝቅ ይላል። ባላንሰሩም «ጎደለው» ብሎ ከሌሎቹ እየወሰደ ይሞላዋል። ሳምንት ቆይቶ ስትሞላ ያ ሴል ጣሪያውን ቀድሞ ይነካል። ያልነበረ ችግር ገዝተህ አስገባህ! ከገዛህ የሚነሳበትን ቮልቴጅ መወሰን የምትችለውን፣ ወይም ማብሪያ ማጥፊያ ያለውን ግዛ። 3.40 በላይ ብቻ ይሥራ። 5 አምፔር የሚለውም ጽሑፍ አያታልልህ። በካፓሲተር የሚሠራው ዓይነት ያን ያህል የሚሰጠው በሴሎቹ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ሲሆን ነው። ልዩነቱ 20 ሚሊቮልት ሲደርስ የሚያንጠባጥበው ጥቂት ነው።

እሺ፣ ሁሉንም አደረግክ እንበል። ሦስተኛው ሴል በእውነት የታመመ መሆኑን በምን ታውቃለህ? ከላይ አንዴ ካስተካከልክ በኋላ ወደ ታች ውረድና እይ። ባትሪውን በልኩ እያስሠራህ እስከ መጨረሻው አውርደው፤ የመጀመሪያው ሴል 2.8 ሲደርስ አቁም። ከሁሉ ቀድሞ የወደቀው አቅሙ ያነሰው ነው። ሦስቱ 280 ሆነው አንዱ 255 ከሆነ ባትሪህ የ255 ባትሪ ነው። ይሄን የትኛውም ተራ ባላንሰር አያድነውም። ባላንስ ሙሌትን ያስተካክላል እንጂ አቅም አይጨምርም። ይሄ ማለት ደግሞ የግድ ሴል ቀይር ማለት አይደለም። 255ቱ ለሱቅህ ከበቃ ምን ቸገረህ? ሥራህን ሥራበት።

ሌላኛው ምልክት የሚመለስ ችግር ነው። ዛሬ አስተካከልከው፣ በሦስት ሳምንት ተመልሶ መጣ። ያኔ የሆነ ሴል በራሱ እያፈሰሰ ነው። የሚያፈሰውን ደግሞ ጣሪያ ከሚነካው ዘንድ አትፈልገው፤ እየዘገየ ከሚመጣው ዘንድ ፈልገው። ሦስቱ አብረው ዘግይተው አንዱ ብቻውን ከቀደመ ጥርጣሬዬ ከሴል ይልቅ ወደ ሽቦ ይሄዳል። ከባትሪው መሃል የሆነ ነገር ቀጥለሃል? ብዙ ሰው ከ12 ወይም ከ24 ቮልት ባትሪ መሃል ላይ ሽቦ አውጥቶ ለዋይፋይ ራውተር ወይም ለትንሽ አምፖል ይሰጣል። ያቺ ትንሽ አምፖል የምትበላው ከታሰረችባቸው ሴሎች ብቻ ነው። 0.3 አምፔር በቀን 7 አምፔር ሰዓት ነው። በሁለት ቀን የአንተን 14 ሠራችው ማለት ነው። ለትንሽ ዕቃ ከጠቅላላው ባትሪ ወስዶ የሚቀንስ ኮንቨርተር ዋጋው ብዙ አይደለም።

የባትሪውን አቀማመጥም ተመልከት። የኢንቨርተሩ ፋን ትኩስ አየሩን በአንዱ ጎን ሴል ላይ የሚነፋ ከሆነ ያ ሴል ከወንድሞቹ ቀድሞ ያረጃል፣ በራሱም የበለጠ ያፈሳል። አንድ ክንድ ያህል ማራቅ በቂ ነው። ደጋ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ፣ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት ባትሪው ከዜሮ ዲግሪ በታች ከሆነ አትሙሉት። ላይፍፖ በብርድ ሲሞላ ውስጡ የሊቲየም ብረት ይለጠፍበታል፤ ያ ደግሞ አይመለስም።

ይሄን የሚያነቡ ከአሮጌ ላፕቶፕና ከስኩተር ባትሪ ሴል እየፈቱ የሚገጣጥሙ ልጆች እንዳሉ ስለማውቅ ለእነሱም ጥቂት ልበል። 18650 የሚባለው፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ሴል፣ አብዛኛው ሌላ ኬሚስትሪ ነው። ሙሉው 4.2 ቮልት ነው። ቮልቴጁ እንደ ላይፍፖ ሜዳ ስላልሆነ መሃል ላይም የሙሌቱን ነገር ይናገራል፤ በዚህ በኩል ይቀላል። በእሳት በኩል ግን ቀልድ የለውም። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ሴል ካገኛችሁ አታስነሱት። ውስጡ ያለው መዳብ ሟሙቶ፣ ሲሞላ መልሶ እየተለጠፈ በኋላ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ያደርጋል። የቀሩትን 4.2 ድረስ ሙሏቸውና ሁለት ሳምንት አስቀምጧቸው። ከ4.1 በታች የወረደውን ጣሉት። አንድ የሚያፈስ ሴል ጎን ለጎን የታሰሩትን በሙሉ ይዟቸው ይወርዳል፤ ቢኤምኤሱ ደግሞ የሚያየው ቡድኑን እንጂ አንዱን አይደለም። የምታስሯቸው ቡድኖች ድምር አቅም ይቀራረብ። እንደዚህ ያለውን ባትሪ መኝታ ቤት አታስቀምጡ።

የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪም እየመጣ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ መንገዱ ላይ የምታዩት መኪና ተቀይሯል፤ የተጋጨውና ያረጀው ባትሪ ነገ ገበያ ላይ ይወጣል። ሞጁል ስትገዙ መጀመሪያ ኬሚስትሪውን ጠይቁ። 3.65 ላይ መቆም ያለበትን 4.2 ድረስ የሚገፋ ቻርጀር ማሰር ማለት ሆን ብሎ ማቃጠል ነው።

ወደ አንተ ልመለስ ወንድሜ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ዛሬ ቮልቴጁን አውርድ፣ ቅዳሜ ቡሎኖቹን ፈትሽ፣ ከዚያ በአምፖሉ ወይም ጎን ለጎን በማገናኘት አስተካክል። ከዚያ ሦስት ሳምንት እንደ ልማድህ ተጠቀምበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ የአራቱን ሴል ቁጥር ሦስት ጊዜ አንስተህ ላክልኝ። አንዱ ሞልቶ ሊቆም ሲል፣ አንዱ 30 አምፔር ገደማ ተጭኖበት፣ አንዱ ሊያልቅ ሲል። ስልኩን ፎቶ ብታነሳው ይበቃል። ሦስተኛው ሴል ከታችም ቀድሞ ከወደቀ ያኔ ሻጩ ጋ አብረን እንሄዳለን።